የ3 ሰዓት ሠርግ በ2 ጊጋባይት፦ 1080ፒ ይቆይ ወይስ 720ፒ ይሁን?

ሌንስ_ባሕርዳር
ሰላም ለሁላችሁም። 3 ሰዓት የሚረዝም የሠርግና የመልስ ቪዲዮ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም መላክ አለበት። በነፃው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም። የተቀረጸው በ1080ፒ (1920 በ1080 ፒክስል፣ ፉል ኤችዲ የሚባለው)፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ነው። ሪዞሉሽኑ (የፒክስሉ ብዛት) ሳይነካ ቢትሬቱ (ለአንድ ሰከንድ የሚመደበው ዳታ) ብቻ ወደ 1.4 ሜጋቢት ዝቅ ብሎ ኤክስፖርት ሲደረግ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲመርቁ ያለው ክፍል ደህና ይታያል። ሙሽሮቹ ሲገቡ አበባና ፈንዲሻ ሲበተን፣ ከዚያም እስክስታው ሲጀመር ግን ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል። በመልሱ ላይ ደግሞ የካባው የወርቅ ጥልፍ ወደ ቢጫ ጭቃ ይለወጣል። ባለቤቶቹ "ፉል ኤችዲ ይሁን" ብለዋል። 1080ፒ ላይ ልጽና ወይስ ወደ 720ፒ ልውረድ? ሌላ መንገድስ አለ?

ቢት_በፒክስል
ሪዞሉሽንን አስቀድሞ ወስኖ ቢትሬትን በኋላ መጭመቅ ነው ችግሩ። መጠኑ የተወሰነ ፋይል ሲኖር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ምን ያህል ቢት እንዳለህ ታሰላለህ፣ ሪዞሉሽኑን የምትመርጠው ያ ቢት የሚችለውን አይተህ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። 2 ጊጋባይትን ሙሉውን አትጠቀም፤ ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም) ከተባለው ትንሽ ሊያልፍ ስለሚችል 1900 ሜጋባይት ላይ አነጣጥር። 1900 በ8 ሲባዛ 15,200 ሜጋቢት። 3 ሰዓት 10,800 ሰከንድ ነው። 15,200 ለ10,800 ሲካፈል በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ይመጣል። ከዚያ ላይ ለድምፅ 128 ኪሎቢት ስታነሳ ለምስሉ የሚተርፈው 1280 ኪሎቢት አካባቢ ነው። (ድምፁን ወደ 96 ኪሎቢት ማውረድ አያዋጣም። ለምስሉ የሚያተርፈው 32 ኪሎቢት ብቻ ነው፣ የከበሮውና የጭብጨባው ድምፅ ግን ሊጎዳ ይችላል።)

አሁን ይህን 1280 ኪሎቢት በሰከንድ ለሚያልፉት ፒክስሎች አካፍለው። 1920 በ1080 በሰከንድ 25 ፍሬም ማለት 51.8 ሚሊዮን ፒክስል ነው። ለእያንዳንዱ ፒክስል 0.025 ቢት ይደርሰዋል። በ1280 በ720 ቁጥሩ 23 ሚሊዮን ስለሚሆን 0.056 ቢት ይደርሳል። በ960 በ540 ደግሞ 13 ሚሊዮን ነው፣ 0.1 አካባቢ ይደርሳል።

ለኤች.264 (በጣም ለተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው በፒክስል 0.05 ቢት ይበቃዋል፤ ጭፈራና ሕዝብ ያለበት ቪዲዮ 0.1 አካባቢ ይፈልጋል። ልክ እንደ ሕግ አይወሰድም፤ ሪዞሉሽን ሲያድግ ለአንድ ፒክስል የሚያስፈልገው ቢት በመጠኑ ይቀንሳል። ቢሆንም 0.025 በየትኛውም መንገድ ለእስክስታ አይበቃም። ስለዚህ አንድ ፋይል ብቻ የግድ ከሆነ 720ፒ እንኳ ጠባብ ነው፣ 540ፒ ደግሞ በስልክ ለሚያይ ሰው ከምታስበው በላይ ንጹሕ ነው።

ሸማኔ_ፒክስል
እኔ በዚህ አልስማማም። 1080ፒ ላይ ያለ ዝርዝር አንዴ ወደ 720ፒ ከወረደ አይመለስም። ዘመዶቹ በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ካዩት ቴሌቪዥኑ ይለጥጠዋል፣ ፊቶቹ ሁሉ ለስላሳ ይሆናሉ። ፋይሉ 1080ፒ ሆኖ ቢትሬቱ ዝቅ ቢል ቢያንስ ጸጥ ባሉ ቦታዎች ጥራቱ ይተርፋል። ሰው ሠርግ ሲያይ ደግሞ ቆም ብሎ የሚያየው ፊቶቹን ነው።

ቢት_በፒክስል
ጸጥ ባሉ ቦታዎች ያልከው እውነት ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ ሰው ተቀምጦ ሲናገር 1080ፒ በትንሽ ቢትም ያምራል፤ ኢንኮደሩ ግድግዳውንና መጋረጃውን ካለፈው ፍሬም ይቀዳዋልና። ሠርግ ግን ከግማሽ በላይ እንቅስቃሴ ነው። እስቲ ኢንኮደሩ የሚያየውን ቀረብ ብለን እንመልከት።

ኤች.264 ምስሉን 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ማክሮብሎኮች ይከፋፍላል። በ1080ፒ አንድ ፍሬም ውስጥ 8160 ማክሮብሎክ አለ፣ በ720ፒ 3600። 1280 ኪሎቢት ለ25 ፍሬም ሲካፈል ለአንድ ፍሬም በአማካይ 51,200 ቢት ነው፣ ማለትም 6.4 ኪሎባይት። በ1080ፒ ለአንድ ማክሮብሎክ 6 ቢት ገደማ ይደርሰዋል። በ6 ቢት "ከዚያኛው ቦታ ቅዳ" ከማለት ያለፈ ነገር መጻፍ አይቻልም። በ720ፒ 14 ቢት ይደርሰዋል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ከቅጂው በላይ ትንሽ እርማት መጨመር ያስችላል።

ፈንዲሻው ሲበተን ደግሞ እያንዳንዷ ፍሬ በራሷ አቅጣጫ ትሄዳለች። በአንድ ማክሮብሎክ ውስጥ ሦስት ፍሬ በሦስት አቅጣጫ ካለ ካለፈው ፍሬም የሚቀዳ ነገር የለም። ኢንኮደሩ ሁሉንም እንደ አዲስ መሳል ይኖርበታል፣ ቢት ደግሞ የለውም። ስለዚህ ኳንታይዜሽኑን (ዝርዝርን የማጠጋጋቱን መጠን) ያጠነክረዋል፤ ብሎኩ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል፤ የምታየው አራት ማዕዘን ያ ነው። ፊቶቹም ከፈንዲሻው ጋር አብረው ይፈርሳሉ፣ ምክንያቱም ቢቱ የሚወጣው ከአንድ ቋት ነው።

የሀበሻ ቀሚሱን ነገር ላንሳ። የሸማው ነጭ ላይ ያለው የፈትሉ መስመር ከነጩ ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ኳንታይዜሽን ሲጠነክር ኢንኮደሩ መጀመሪያ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ደካማ ልዩነት ነው። በ1080ፒ 0.025 ላይ ሸማው የተቀባ ወረቀት ይመስላል። ጥበቡ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ 4:2:0 በሚባለው አሠራር የቀለም መረጃው በወርድም በቁመትም ግማሽ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ጥልፍ ጎን ለጎን ሲሆኑ ጠርዛቸው ይቀላቀላል። ይህኛው በቢት ብቻ የሚስተካከል አይደለም። ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ሲወረድ የመስመሩ ስፋት ራሱ ይቀንሳል፣ ግን የተረፈው መስመር እውነተኛ መስመር ነው። ለእኔ ለስላሳ ፊት ከፈረሰ ፊት ይሻላል፤ ለስላሳነትን ዓይን ቶሎ ይለምዳል፣ በየፍሬሙ የሚዘል አራት ማዕዘንን ግን አይለምድም።

የመልስ_ቀን
ለምን አንድ ፋይል? ሠርጉን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ ላኩት። ሁለት የ1 ሰዓት ተኩል ፋይል ቢሆን እያንዳንዱ 2680 ኪሎቢት ያገኛል። በ720ፒ ይህ 0.116 ነው፣ ማለትም ቢት_በፒክስል ለጭፈራ ያስቀመጠውን ያልፋል። ባለቤቶቹ ፉል ኤችዲ ካልሆነ ካሉ ደግሞ አራት የ45 ደቂቃ ክፍል ይሁን፦ ለምስሉ 5500 ኪሎቢት፣ በ1080ፒ 0.106። ያ እውነተኛ 1080ፒ ነው። በጠቅላላው 7.6 ጊጋባይት መጫን ይጠይቃል፣ ዋጋውን ለእነሱ ንገራቸውና ይምረጡ።

መቁረጫው ቦታ የፕሮግራም መለወጫ ላይ ይሁን እንጂ ዘፈን መሃል አይሁን።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ቴሌግራም ላይ "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። እንደ ቪዲዮ ከተላከ አፑ እንደገና ሊጨምቀው ይችላል፤ የደከማችሁበት ሁሉ በዚያ ይጠፋል። ተቀባዩም አፑ ከፈቀደለት ሳያወርድ ገና እየመጣ እንዲያየው ኤምፒ4ው "ዌብ ኦፕቲማይዝድ" ወይም "ፋስት ስታርት" ተደርጎ መውጣት አለበት። ይህ የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል፣ ጥራት ላይ ምንም አይነካም።

ኮዴክ_ሰፈር
ኤች.265ን (ከኤች.264 በኋላ የመጣውን ዘዴ) አንድም ሰው አላነሳም። በተመሳሳይ ጥራት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢት ይቆጥባል። በ2680 ኪሎቢት 1080ፒን ደህና አድርጎ ይሸከማል፤ ብሎኮቹ እስከ 64 በ64 ስለሚደርሱ ግድግዳና ሰማይ በጥቂት ቢት ያልቃሉ፣ የተረፈው ለጭፈራው ይሄዳል።

ቢት_በፒክስል
ትክክል ነው፣ ተቀባዩ ማጫወት ከቻለ። ችግሩ ፋይሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከስልክ ወደ አክስት ታብሌት፣ ከዚያ በፍላሽ ወደ ቴሌቪዥን ይሄዳል። የቆዩ ቴሌቪዥኖችና ኮምፒውተሮች ኤች.265ን ወይ ጭራሽ አይከፍቱም፣ ወይ ድምፅ ብቻ ያሰማሉ፣ ወይ ይንተባተባሉ። የአፕል የራሱ ማጫወቻ ላይ ደግሞ ፋይሉ "ኤችቪሲ1" የሚል መለያ ከሌለው አይጫወትም፤ ኤፍኤፍኤምፔግ (ነፃ የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም) በራሱ የሚጽፈው ሌላውን ስለሆነ በትእዛዝ ማስለወጥ ያስፈልጋል። ለማታውቀው ተቀባይ ኤች.264፣ ሃይ ፕሮፋይል፣ ሌቭል 4.1፣ 8 ቢት 4:2:0 (ኤክስፖርት ሲደረግ የሚመረጡ ቅንብሮች ናቸው) ላክ። ይህ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቦታ ይከፈታል።

8 ቢት 4:2:0 ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ አዳዲስ ካሜራዎች በ10 ቢት 4:2:2 (የበለጠ የቀለም መረጃ በሚይዝ አሠራር) መቅረጽ ይችላሉ። ሶፍትዌሩ "እንደ ሶርሱ" ተብሎ ከወጣ የኤች.264 ፋይሉም 10 ቢት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ብዙ ስልክና ቴሌቪዥንም በትክክል ላያጫውተው ይችላል።

ሀያአምስት_ፍሬም
ሁላችሁም ስለ ኤክስፖርት ትላላችሁ። ግማሹ ችግር ግን ኢንኮደሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ያለ ነው።

የመጀመሪያው ኖይዝ ነው። አዳራሹ ጨለም ሲል አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) ይወጣል፣ ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይመጣል። ነጠብጣቡ በየፍሬሙ ቦታውን ይለውጣል፤ ለኢንኮደሩ ሙሉው ግድግዳ እየተንቀሳቀሰ ነው። 100 ሜጋቢት ላይ አይታወቅህም፣ 1.3 ሜጋቢት ላይ ቢቱን ሁሉ የሚበላው እሱ ነው። ከኤክስፖርት በፊት ቀላል የኖይዝ ማጥፊያ አድርግ። ሃንድብሬክ (ነፃ የቪዲዮ መጭመቂያ ፕሮግራም) ላይ "ኤችኪው ዲኤን3ዲ" የሚባለው ማጣሪያ በ"ላይት" ይበቃል፤ "ስትሮንግ" ካልከው ፊቱ ሰም ይመስላል። ለጨለማው ክፍል ብቻ ከሆነ ኤዲቲንጉ ላይ ለእነዚያ ክሊፖች ብቻ አድርገው።

ሁለተኛው የመብራት መንቀጥቀጥ። የእኛ መብራት 50 ኸርትዝ ነው። ካሜራው ከአሜሪካ መጥቶ 30 ፍሬም በ60ኛ ሸተር (እያንዳንዱ ፍሬም ለ1/60 ሰከንድ ብርሃን ሲያስገባ) ላይ ከተቀመጠ በአምፖልና በአንዳንድ ኤልኢዲ ሥር ምስሉ ይርገበገባል ወይም አግድም ጥላ ይወርድበታል። እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃኑ ስለሚለያይ ኢንኮደሩ ካለፈው መቅዳት ይቸግረዋል። 25 ፍሬም፣ ሸተር 50ኛ ወይም 100ኛ ይሁን። ይኸው ካሜራ ዋሺንግተን ላይ ሲቀርጽ በ30 እና በ60ኛ ይመለስ፤ እዚያ መብራቱ 60 ኸርትዝ ነው።

ሦስተኛው ኢንተርሌስ፣ ማለትም አንዱ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት ከተቀረጹ ተፈራራቂ መስመሮች ሲሠራ ነው። የቆየ ካሜራ በ1080አይ ከቀረጸ፣ ሳይስተካከል ወደ 720ፒ ከተቀነሰ እጅ ሲንቀሳቀስ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው የለም። ዲኢንተርሌስ (እነዚያን መስመሮች ወደ ሙሉ ፍሬም መለወጥ) መጠኑ ከመቀነሱ በፊት ነው የሚደረገው። "ያዲፍ" ወይም "ቢደብሊው ዲፍ" የሚባለው ማጣሪያ ይሆናል።

ፍሬሙንም 25 እንደሆነ ተወው። ወደ 30 ስትለውጠው በየ5 ፍሬሙ አንዱ ይደገማል፣ ካሜራው ሲዞር ይንገጫገጫል።

ሌንስ_ባሕርዳር
እናመሰግናለን። ባለቤቶቹ ሁለት ክፍል በ720ፒ ይበቃናል ብለዋል። ፕሪሚየር (የኤዲቲንጉ ፕሮግራም) ላይ በቀጥታ ነው ወይስ በሃንድብሬክ? "ቪቢአር 2 ፓስ" (ሙሉውን ሁለት ጊዜ አይቶ ቢቱን የሚያከፋፍለው) የሚለው ሃርድዌር ኢንኮዲንግ (በግራፊክስ ካርድ መጭመቅ) ሲመረጥ ይጠፋል።

ቢት_በፒክስል
የሚጠፋው ሃርድዌሩ 2 ፓስ ስለማይሠራ ነው። ፍጥነቱን ተወውና ሶፍትዌር ኢንኮዲንግ ምረጥ። በከፍተኛ ቢትሬት የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ከሶፍትዌሩ አይለይም፣ በዝቅተኛ ቢትሬት ግን ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የሚሻለው ግን ከፕሪሚየር አንድ ንጹሕ ማስተር (ብዙ ያልተጨመቀ ዋና ፋይል) ማውጣት ነው። ፕሮሬስ 422 የሚባለው የኤዲቲንግ ፎርማት በ1080ፒ 25 ፍሬም 122 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ለ3 ሰዓት 165 ጊጋባይት ቦታ ይዘህ ጠብቅ። ቦታ ከሌለ ኤች.264 በ50 ሜጋቢት አውጣው፣ 68 ጊጋባይት ይሆናል። ለቴሌግራም ቀድሞ ከተጨመቀው ፋይል ላይ እንደገና እንዳትጨምቅ፤ ኢንኮደሩ የቀድሞዎቹን አራት ማዕዘኖች እንደ እውነተኛ ምስል ቆጥሮ ቢት ያወጣባቸዋል።

ማስተሩን ሃንድብሬክ ላይ ክፈት። "ዳይሜንሽንስ" ላይ ገደቡን 720ፒ፣ "ቪዲዮ" ላይ ኢንኮደሩን ኤች.264 ኤክስ264፣ ፍሬም ሬቱን "ሴም አዝ ሶርስ" እና "ኮንስታንት" አድርግ። "አቬሬጅ ቢትሬት" 2680፣ "መልቲ ፓስ" ይመረጥ። ፕሪሴቱ "ስሎው" ይሁን፤ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ማደር ከቻለ "ስሎወር"። ተጨማሪ አማራጮቹ ላይ ከፍተኛ ቢትሬት 6000፣ በፈር 12000 ጻፍ። ያለዚህ ፈንዲሻው ላይ ኢንኮደሩ ወደ 15 ሜጋቢት ዘልሎ ደካማ ቴሌቪዥን ላይ ሊያቆራርጥ ይችላል። "ኤኪው ሞድ"ን 3 ብታደርገው ቢቱን ወደ ጨለማ ቦታዎች ያደላል፤ ጥቁር ሱፍና ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ጨለማ መጋረጃ ላይ የሚታየውን ደረጃ ደረጃ ጥላ ይቀንሰዋል። ድምፁ ኤኤሲ 128፣ "ዌብ ኦፕቲማይዝድ" ላይ ምልክት። አለቀ።

ሁለት ፓስ የፈለግነው መጀመሪያ ሙሉውን አይቶ ምርቃቱ ላይ ቆጥቦ ጭፈራው ላይ እንዲያወጣ ነው። ስለዚህ የፈንዲሻውን 1 ደቂቃ ብቻ ቆርጠህ በ2680 ብትሞክረው በሙሉው ፊልም ላይ ከሚሆነው የባሰ ይወጣል፤ የሚበደርበት ጸጥ ያለ ክፍል የለውማ። ለሙከራ የሚበጀው ሲአርኤፍ (ቢትሬትን ሳይሆን ጥራትን ወስኖ መጭመቅ) ነው። ያንኑ 1 ደቂቃ በሲአርኤፍ 22 አውጣና ስንት ቢትሬት እንደጠየቀ በሚዲያኢንፎ (የፋይሉን መረጃ በሚያሳይ ፕሮግራም) እይ። ከዚያ የ10 ደቂቃ ድብልቅ ክፍል እንዲሁ አድርግ። የድብልቁ አማካይ 2680 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከመጣ 720ፒ ይችላል። 4000 ከጠየቀ ወይ ሦስት ክፍል አድርገው ወይ ኖይዙን ቀንስ። ሲአርኤፍ በ6 ሲጨምር ቢትሬቱ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አስብና ርቀትህን ትገምታለህ።

ሸማኔ_ፒክስል
በሁለት ክፍል 2680 ከሆነ 720ፒን እኔም እቀበላለሁ። ፕሪሚየር ራሱ መጠኑን ከቀነሰው ግን "ማክሲመም ሬንደር ኳሊቲ" ላይ ምልክት ይደረግ፤ ያለሱ የጥበቡ መስመሮች ሲንቀሳቀሱ ይብለጨለጫሉ፣ ያ ብልጭልጭታ ራሱ ቢት ይበላል።

ኢትዮ_ሜሪላንድ
ከተቀባይ ወገን ልጠይቅ። ቴሌግራም ላይ ከሚላክ ዩቲዩብ ላይ ሊንኩ ላለው ብቻ እንዲታይ አድርጎ መጫን አይሻልም? እዚህ ሁሉም ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ዩቲዩብ አለው።

ኮዴክ_ሰፈር
ለማየት ይመቻል፣ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ዩቲዩብ የምትሰጠውን ሁሉ እንደገና ስለሚጨምቀው ለእሱ ትንሹን ፋይል አትስጠው። ለ1080ፒ 25 ፍሬም የሚመክረው 8 ሜጋቢት ነው፤ ከዚያ በላይ ብትሰጠው ይሻላል። ለ3 ሰዓት በ8 ሜጋቢት 10.8 ጊጋባይት መጫን ማለት ነው። ስልክ ቁጥሩ ያልተረጋገጠ አካውንት ከ15 ደቂቃ በላይ አይጭንም፣ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

አንድ የሚሠራ ዘዴ አለ፦ 1080ፒውን ወደ 1440ፒ ለጥጦ መጫን። ትናንሽ ቻናሎች ላይ 1080ፒ ብዙ ጊዜ በኤች.264 በዝቅተኛ ቢትሬት ይቀርባል፣ 1440ፒ እና ከዚያ በላይ ግን በቪፒ9 ወይም በኤቪ1 (ከኤች.264 አዲስ በሆኑ ኮዴኮች፣ ማለትም የመጭመቂያ ዘዴዎች) ከፍ ባለ ቢትሬት ይወጣል። አዲስ ዝርዝር አይፈጠርም፤ የነበረው ነው የሚተርፈው። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ "ስታትስ ፎር ነርድስ" ብትከፍቱ የትኛው ኮዴክ እንደደረሳችሁ ያሳያል። ገና እንደተጫነ አትፍረዱ፣ ከፍተኛው ሪዞሉሽን ተሠርቶ እስኪያልቅ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል።

የሠርግ ዘፈኖቹ ግን የቅጂ መብት ያላቸው ናቸው። ሲስተሙ ካወቃቸው ድምፁ ሊጠፋ ወይም ቪዲዮው አንዳንድ አገር ላይ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ የቴሌግራሙ ፋይል መቅረት የለበትም።

የመልስ_ቀን
በፍላሽ ለሚሰጡትም አንድ ቃል። ብዙ ፍላሽ ፋት32 በሚባል ፎርማት ነው የሚመጣው፤ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ትልቁ ፋይል አልገባ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። የ45 ደቂቃዎቹ አራት ክፍሎች በ1080ፒ 1.9 ጊጋባይት ስለሆኑ ችግር የላቸውም። ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይቻላል፣ ግን የቆየ ቴሌቪዥን ላያነበው ይችላል፤ በፋት32 ቆርጦ መስጠት ይሻላል። ስማቸውን በላቲን ፊደልና በቁጥር ጀምሩት፣ 01፣ 02 እያላችሁ፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን የአማርኛ ፊደልን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ቅደም ተከተሉም ይዘበራረቃል።